ኮምፒዩተር ሲሞት ማን ያስነሣዋል?

አበው «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ይላሉ። ምሳሌው የተነገረው ስለ በረትና ስለ ከብት ነው፤ ዳሩ ግን ዛሬ በየጠረጴዛችን ላይ ተቀምጦ ሥራችንን ሁሉ በሆዱ ለሚይዘው ለኮምፒዩተር ከዚህ የበለጠ የሚስማማ ቃል አይገኝም። ብዙ ሰው ስለ ኮምፒዩተሩ ደኅንነት ማሰብ የሚጀምረው ኮምፒዩተሩ «አልነሣም» ካለ በኋላ ነውና።

ውድ አንባቢዎች ሆይ፤ እስቲ ነገሩን በዓይነ ኅሊናችሁ ተመልከቱት። ሰኞ ጧት ነው። አንድ ወጣት ጸሐፊ ወደ መሥሪያ ቤቱ ገብቶ፣ ኮቱን ሰቅሎ፣ የኮምፒዩተሩን ማብሪያ ይጫናል። ማራገቢያው ይዞራል፤ መብራቱም ይበራል፤ ነገር ግን በስክሪኑ ላይ የሚወጣው የተለመደው ሥዕል ሳይሆን ባዶ ገጽና ጥቂት ትርጕማቸው የማይታወቅ ፊደላት ናቸው። ያጠፋዋል፤ እንደገና ያበራዋል፤ ያው ነው። ከመስኮቱ ውጭ ከሩቅ ወረዳ የመጡ ባለጉዳዮች ተሰልፈዋል። የሚነገራቸውም መልስ ሁላችን የምናውቀው ነው፤ «ሲስተም የለም፤ ነገ ተመለሱ» ይባላሉ። ከዚህ በኋላ ባለሙያ ይጠራል። ባለሙያውም መሣሪያውን ጥቂት ነካክቶ አንዲት ቃል ይናገራል፤ «ፎርማት ይደረግ።»

ይህች ቃል በየጥገና ቤቱ ለበሽታ ሁሉ እንደ ፍቱን መድኃኒት ትታዘዛለች። ትርጕሟ ግን ቀላል አይደለም። ፎርማት ማድረግ ማለት የዲስኩን መዝገብ አጥፍቶ፣ ቤቱን ባዶ አድርጎ፣ ሥርዓቱን ከመጀመሪያው መትከል ነው። በእርግጥ መሣሪያው ይነሣል። ነገር ግን የአማርኛ መጻፊያው፣ የፕሪንተሩ ድራይቨር፣ የሒሳብ ፕሮግራሙ፣ በብዙ ወራት ቀስ በቀስ የተስተካከለው ነገር ሁሉ ይሄዳል። ጥንቃቄ ካልተደረገም የሦስትና የአራት ዓመት ድካም አብሮ ይሄዳል።

ይህን ጽሑፍ ያቀረብሁላችሁ አንድ ነገር ለማስረዳት ነው። የሞተ ኮምፒዩተር እንደ ነበረ ሆኖ በአንድ ጧት ሊነሣ ይችላል። የሚነሣው ግን በባለሙያው ብልኃት ብቻ አይደለም፤ በደኅናው ቀን በተዘጋጀ፣ ከመሣሪያው ተለይቶ በተቀመጠና አስቀድሞ በተፈተነ ቅጂ ነው። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ግን የቀረው ዕድል ብቻ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ቀኖችና ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

መዝገብ ቤቱና ሹሙ

በአንድ ኮምፒዩተር ውስጥ ሦስት ዓይነት ነገር አለ። አንደኛው የእናንተው ሥራ ነው፤ ደብዳቤው፣ ሰንጠረዡ፣ ፎቶግራፉ፣ የመመረቂያ ጽሑፉ። ሁለተኛው ሥራውን የምትሠሩባቸው ፕሮግራሞች ናቸው፤ እንደ ወርድና እንደ ኤክሴል ያሉት። ሦስተኛው እነዚህን ሁሉ የሚያስተዳድረው ኦፕሬቲንግ ሲስተም፣ በአማርኛ ስርዓተ ክወና የሚባለው ነው። በዴስክቶፕ ኮምፒዩተሮች ላይ ከሁሉ ይልቅ የተስፋፋው የማይክሮሶፍት ዊንዶውስ ነው፤ የአፕል ማክኦኤስና በነጻ የሚገኘው ሊነክስም የዚሁ ወገን ናቸው።

ስርዓተ ክወናው ምን ይሠራል ያላችሁ እንደሆነ አንድ ትልቅ መዝገብ ቤት አስቡ። በመደርደሪያዎቹ ላይ በሺህ የሚቈጠሩ ፋይሎች ተደርድረዋል። የትኛው ፋይል በየትኛው መደርደሪያ እንዳለ የሚያውቀው የመዝገብ ቤቱ ሹም ነው። የገባውን ደብዳቤ ቍጥር ሰጥቶ ያስቀምጣል፤ ሲጠየቅ ያወጣል፤ የማይፈቀድለትንም ሰው ይከለክላል። እንግዲህ ይህ ሹም አንድ ቀን ቢታመም ፋይሎቹ በመደርደሪያቸው ላይ እንዳሉ ናቸው፤ የሚያወጣቸው ሰው ብቻ ጠፋ። ዊንዶውስ አልነሣም ሲልም ነገሩ እንዲሁ ነው። ዲስኩ ራሱ ካልተበላሸ ሥራችሁ አብዛኛውን ጊዜ በቦታው አለ። ይህን ሳያስቡ በድንጋጤ «ፎርማት አድርገው» ብሎ ማዘዝ፣ ሹሙ ታመመ ተብሎ መዝገብ ቤቱን ማቃጠል አይደለምን?

ሹሙ ከእንቅልፉ የሚነሣውም በአንድ ጊዜ ሳይሆን በሰንሰለት ነው። ማብሪያው ሲጫን በመጀመሪያ በእናት ሰሌዳው ላይ፣ ማለትም በማዘርቦርዱ ላይ የተቀመጠች አንዲት ትንሽ ፕሮግራም ትነቃለች። እርስዋም የመሣሪያውን አካላት ከመረመረች በኋላ በዲስኩ ላይ ከተጠቃሚው ዓይን ተሰውሮ ወደሚገኝ አንድ ጠባብ ክፍል ትሄዳለች። በዚያም ዊንዶውስን የሚቀሰቅሰው አስነሺ ተቀምጧል። አስነሺው የዊንዶውስን እምብርት ይጠራል፤ እምብርቱም ድራይቨሮችን ይጠራል፤ ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው የእናንተ ስም በስክሪኑ ላይ የሚወጣው። ከሰንሰለቱ አንዲት ቀለበት ብትበጠስ የቀሩት ሁሉ ደኅና ቢሆኑም እንኳ መሣሪያው አይነሣም።

ቀለበቷን የሚበጥሱት ምክንያቶች ብዙ ናቸው። ዴስክቶፕ እንደ ላፕቶፕ የራሱ ባትሪ የለውም፤ መብራት በሚጠፋበት ቅጽበት እርሱም አብሮ ይጠፋል። በዚያች ቅጽበት ዊንዶውስ የራሱን ፋይሎች እያደሰ ከነበረ ሥራው ግማሽ ላይ ይቀራል። ዲስክም እንደ ማናቸውም ዕቃ ያረጃል። ከሰው ወደ ሰው የሚዞረው ፍላሽም ቫይረስ ይዞ ይመጣል። ከዚህም በላይ ጠባቂ የተባለው ራሱ የሚጥልበት ጊዜ አለ። ጁላይ 19 ቀን 2024 ክራውድስትራይክ የተባለው የኮምፒዩተር ጥበቃ ኩባንያ ስሕተት ያለበት እድሳት ላከና፣ በማይክሮሶፍት ግምት 8.5 ሚሊዮን የሚያህሉ የዊንዶውስ ኮምፒዩተሮች በአንድ ቀን ወደቁ። አውሮፕላኖች ሳይነሡ ቀሩ፤ ሆስፒታሎችና ባንኮችም ተቸገሩ። ሌባ አልገባም፤ ቫይረስም አልነበረም። ጥንቃቄ ያደረገም ሰው ቢሆን ከመውደቅ አይድንም፤ የሚለየው የመነሻ መንገድ ያለው በመሆኑ ነው።

በጋና የቀረው አንድ ቅጂ

የዚህን ነገር ክብደት ለማስረዳት በዓለም ላይ ከታዩት ምሳሌዎች ዋነኛውን ልንገራችሁ። ሜርስክ የተባለው የዴንማርክ የመርከብ ኩባንያ ዋና መሥሪያ ቤቱ በኮፐንሃገን ነው። በዓለም ካሉት ታላላቅ የዕቃ ማመላለሻ ድርጅቶችም አንዱ ነው። ጁን 27 ቀን 2017 የሠራተኞቹ ስክሪኖች አንድ በአንድ እየጠቈሩ ሄዱ። በአንዳንዱ ላይ «300 ዶላር ክፈል» የሚል ጽሑፍ ወጣ። ይህ በኋላ ኖትፔትያ የተባለው አጥፊ ፕሮግራም ሲሆን፣ የተነሣውም በዩክሬን ለግብር ሥራ ከሚያገለግል የሒሳብ ፕሮግራም እድሳት ጋር ተደባልቆ ነው። ገንዘብ ጠያቂ መስሎ ቢመጣም፣ ገንዘቡን የከፈለ ሰው እንኳ ፋይሉን አያገኝም ነበር፤ ዓላማው ማጥፋት ነበርና። በ2018 የአሜሪካና የእንግሊዝ መንግሥታት ድርጊቱን የፈጸመው የሩሲያ ጦር ነው ብለው በይፋ ከሰሱ፤ ሩሲያ ግን ካደች።

ኩባንያው ካሉት 76 የወደብ ጣቢያዎች 17ቱ ሥራቸው ተሰናከለ። የጭነት መኪናዎች በወደብ በሮች ላይ ተሰልፈው ቆሙ፤ የትኛው ሣጥን ወዴት እንደሚሄድ የሚያውቅ አልተገኘምና። የኩባንያው የቦርድ ሊቀ መንበር በ2018 በዳቮስ ጉባኤ ላይ እንደተናገሩት፣ 4,000 ሰርቨሮችና 45,000 ኮምፒዩተሮች በ10 ቀን ውስጥ እንደ አዲስ ተተከሉ። ኪሣራው ከ250 እስከ 300 ሚሊዮን ዶላር ተገመተ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመጣለን። ኩባንያው የአብዛኞቹ ሰርቨሮቹ ቅጂ ነበረው። ያልነበረው የዶሜይን ኮንትሮለሮቹ ቅጂ ነው። እነዚህ ማን ሠራተኛ እንደሆነ፣ ማንስ ምን እንዲያይ እንደሚፈቀድለት የሚወስኑ ሰርቨሮች ናቸው፤ በምሳሌአችን የሹሞች ሁሉ አለቆች ልንላቸው እንችላለን። ቍጥራቸው ወደ 150 ይደርስ ነበር። ሁሉም አንዱ የሌላውን መዝገብ ዘወትር ስለሚገለብጥ «አንዱ ቢወድቅ ሌላው አለ» ተብሎ ታምኖባቸው ነበር። ሁሉም በአንድ ቀን ይወድቃሉ ብሎ ያሰበ አልነበረም። ያ ቀን መጣና ሁሉም ጠፉ።

በብዙ ፍለጋ በመጨረሻ አንድ ብቻ ተገኘ፤ እርሱም በጋና ነበር። ጥፋቱ ከመድረሱ በፊት በጋና መብራት ጠፍቶ ኮምፒዩተሩ ከመረቡ ተለይቶ ስለነበር አጥፊው ፕሮግራም አላገኘውም። እኛ ሁልጊዜ የምናማርረው የመብራት መጥፋት ያን ቀን ለአንድ የዓለም ኩባንያ በረከት ሆነለት። ቅጂውን በኢንተርኔት መላክ ብዙ ቀን የሚፈጅ ሆነ። ዲስኩን ይዞ ወደ እንግሊዝ አገር የሚሄድ ሰው ቢፈለግም ከጋና ሠራተኞች የእንግሊዝ ቪዛ ያለው አልተገኘም። ስለዚህ አንድ ሠራተኛ ዲስኩን ይዞ ወደ ናይጄሪያ በረረ፤ በዚያም በአውሮፕላን ማረፊያ ለሌላ ሠራተኛ አስረከበ፤ ሁለተኛውም ወደ ለንደን ይዞት በረረ። የኩባንያው መነሣት የተጀመረው ከዚያች ዲስክ ነው።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ትምህርት እናገኛለን። አንደኛ፣ እርስ በርስ የሚገለባበጡ ቅጂዎች እንደ መስተዋት ናቸው፤ ፊት ሲቆስል መስተዋቱም ቍስሉን ያሳያል። በጉግል ድራይቭ ወይም በዋንድራይቭ ብቻ የምትተማመኑ ሁሉ ይህን አስቡ። እነዚህ አገልግሎቶች የቀድሞውን ፋይል ለጊዜው ማቆየታቸው መልካም ነው፤ ነገር ግን በእናንተ ዘንድ የተበላሸው በእነርሱም ዘንድ ሊበላሽ ይችላል፤ የወደቀውንም ዊንዶውስ አያስነሡም። ሁለተኛ፣ ያዳነው ቅጂ ከመረቡና ከመብራቱ ተለይቶ የነበረው ነው። ሜርስክን ያዳነው ዕድል ነበር። እኛ ግን ያው ነገር በዕድል ሳይሆን በሐሳብ እንዲሆን ለማድረግ እንችላለን።

ግልባጭና ምስል

«እኔማ የሲ ድራይቭን ፎልደሮች ሁሉ ወደ ኤክስተርናል ገልብጫለሁ» የሚል ሰው አይታጣም። ሥራውን ከገለበጠ መልካም አደረገ፤ ዊንዶውስን ግን አልገለበጠም። ዊንዶውስ በሥራ ላይ ሳለ ብዙ ፋይሎቹን አስሮ ይይዛቸዋልና አይገለበጡም፤ ከላይ ያነሣነው የተሰወረው ጠባብ ክፍልም በፎልደሮቹ መካከል አይታይም። ስለዚህ ያን ግልባጭ ወደ ባዶ ዲስክ ብትመልሱት ኮምፒዩተሩ አይነሣም። ሰውን ልብሱን በማጠፍ አይገለብጡትም።

የሚያስፈልገው የሥርዓቱ ምስል ነው፤ ሲስተም ኢሜጅ ይሉታል። ይህ ዲስኩ በዚያች ሰዓት የነበረውን መልክ፣ የተሰወረውን ክፍል ጨምሮ፣ እንደ ፎቶግራፍ አንሥቶ በሌላ ዲስክ ላይ ማስቀመጥ ነው። ይህን ጥበብ በዴስክቶፕ ኮምፒዩተሮች ዘንድ ካስፋፉት አንዱ በ1990ዎቹ አጋማሽ በኒውዚላንድ፣ በኦክላንድ ከተማ፣ መሪ ሃዛርድ የተባለው ሰው የሠራው ጎስት የተባለ ፕሮግራም ነው። ሲማንቴክ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1998 ገዛው። ዛሬ ይህን ሥራ የሚሠሩ ብዙዎች አሉ። ከነጻዎቹ መካከል ታዋቂው ክሎንዚላ ነው፤ የተሠራውም በታይዋን ብሔራዊ የከፍተኛ ኮምፒዩተር ማዕከል ነው። ዊንዶውስም ራሱ የምስል ማንሻ በውስጡ አለው።

ሦስት መሣሪያዎች ስማቸው ስለሚቀራረብ ብዙ ሰው ያምታታቸዋል። አንደኛው ሲስተም ሪስቶር ነው። እርሱ የዊንዶውስን ቅንብር ወደ ጥቂት ቀን በፊት ይመልሳል፤ መጥፎ ድራይቨር ወይም መጥፎ ፕሮግራም በጫናችሁ ጊዜ ይጠቅማል። ነገር ግን ማኅደሩ በዚያው ዲስክ ላይ ስለሆነ ዲስኩ ሲሞት አብሮ ይሞታል፤ በብዙ ኮምፒዩተሮችም ላይ ተዘግቶ ስለሚገኝ መክፈት ያስፈልጋል። ሁለተኛው ሪከቨሪ ድራይቭ ነው። ይህ ኮምፒዩተሩ በራሱ መነሣት ሲያቅተው ከውጭ የሚቀሰቅሰው ፍላሽ ነው። ሦስተኛው ከላይ የተባለው የሥርዓቱ ምስል ነው። የመጀመሪያው ለጉንፋን ነው፤ ሁለተኛው ቁልፍ ነው፤ ሦስተኛው ሙሉ ቤት ነው። ቁልፉ ከሌለ ወደ ቤቱ መግባት ስለማይቻል ሁለተኛውና ሦስተኛው አብረው ይዘጋጃሉ።

አዘገጃጀቱ

ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው አንድ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክና ቢያንስ 16 ጊጋባይት የሚይዝ አንድ ፍላሽ ነው። በዲስኩ ላይ ያለው ባዶ ቦታ በኮምፒዩተራችሁ ዲስክ ላይ ከተያዘው ቦታ መብለጥ አለበት፤ አሠራሩም ኤንቲኤፍኤስ የሚባለው መሆን ይገባዋል።

በመጀመሪያ ኮምፒዩተሩ ጤነኛ መሆኑን አረጋግጡ። ቫይረስ ፈትሹ፤ የተጀመረውን እድሳት አስጨርሱ፤ የማያስፈልገውን አስወግዱ። የታመመ ሥርዓት ቅጂ በሽታውንም ይዞ ይቀመጣልና። ለዚህ ከሁሉ የሚሻለው ቀን ዊንዶውስ አዲስ ተተክሎ፣ ፕሮግራሞቹ ሁሉ ተጭነው፣ ፕሪንተሩም ሠርቶ የታየበት ቀን ነው።

ቀጥሎ ፍላሹን ሰኩና በመፈለጊያው ሣጥን «ሪከቨሪ ድራይቭ» የሚለውን ፈልጋችሁ ክፈቱ። የሥርዓቱን ፋይሎች ይጨምር እንደሆነ ሲጠይቃችሁ ፍቀዱለት። በፍላሹ ላይ የነበረው ሁሉ እንደሚጠፋ አትርሱ፤ ስለዚህ የወንድማችሁን የሠርግ ፎቶግራፍ የያዘውን ፍላሽ ለዚህ አታውሉ።

ከዚህ በኋላ ኤክስተርናሉን ሰኩ። በኮንትሮል ፓነል ውስጥ «ባክአፕ ኤንድ ሪስቶር (ዊንዶውስ 7)» የሚባለውን ክፈቱ። ስሙ የቀድሞውን ዊንዶውስ ቢጠራም በዊንዶውስ 10ና በ11ም ውስጥ ይገኛል። በግራ በኩል «ክሪኤት ኤ ሲስተም ኢሜጅ» የሚለውን ምረጡ፤ ቦታው ኤክስተርናሉ መሆኑን አመልክቱ፤ አስጀምሩት። እንደ ዲስኩ ፍጥነትና እንደ ጭነቱ ብዛት ከግማሽ ሰዓት እስከ ጥቂት ሰዓታት ሊወስድ ይችላል፤ መብራት በሚጠፋበት ሰዓት አትጀምሩት። ሲጨርስ በኤክስተርናሉ ላይ «ዊንዶውስኢሜጅባክአፕ» የሚል ፎልደር ታገኛላችሁ። ስሙን አትለውጡ፤ ስሙ ከተለወጠ ዊንዶውስ አያገኘውምና።

በመጨረሻም ኤክስተርናሉን ንቀሉት። ይህች ቃል ትንሽ ብትመስልም የሥራው ግማሽ ናት። ዘወትር ተሰክቶ የሚኖር ዲስክ ቫይረሱንም፣ የመብራቱንም መዋዠቅ፣ ሌባውንም ከኮምፒዩተሩ ጋር አብሮ ይካፈላል። በላዩ ላይ ቀኑን ጽፋችሁ በቁልፍ በሚዘጋ ቁም ሣጥን አስቀምጡት። በተለይ በመሥሪያ ቤት ይህ ግዴታ ነው፤ ዲስኩን ያገኘ ሰው የመሥሪያ ቤቱን ደብዳቤ ሁሉ ለማንበብ ይችላልና።

አነሣሡ

ክፉው ቀን በመጣ ጊዜ ሁለት ነገር ከመጀመራችሁ በፊት አስታውሱ። አንደኛ፣ ምስሉ ሲመለስ ምስሉ ከተነሣ በኋላ የተጻፈው ሁሉ ይጠፋል። በጥር የተነሣ ምስል በሰኔ ቢመለስ ኮምፒዩተሩ የሚያውቀው ጥርን ብቻ ነው። ስለዚህ አሮጌው ዲስክ በሕይወት ካለ፣ አስቀድሞ ሥራችሁን ማውጣት ይገባል። ዲስኩን ነቅሎ ከሌላ ኮምፒዩተር ጋር በማገናኘት፣ ወይም ሊነክስ የተጫነበትን ፍላሽ ሰክቶ ኮምፒዩተሩን ከዚያ በማስነሣት ፋይሎቹን መገልበጥ ይቻላል። ወደ ጥገና ቤት የምትሄዱም ከሆነ የመጀመሪያው ቃላችሁ «ፎርማት ከመደረጉ በፊት ፋይሎቹ ይውጡልኝ» የሚል ይሁን።

ሁለተኛ፣ በብዙ አዳዲስ ኮምፒዩተሮች ዲስኩ በምስጢር ቁልፍ የተቆለፈ ነው። ዊንዶውስ ቢትሎከር የሚለው ይህ ነው። መክፈቻው 48 አሃዞች ያሉት ቍጥር ሲሆን ያለ እርሱ ባለቤቱም እንኳ ሊገባ አይችልም። በ2024 በደረሰው በዚያ ውድቀት ጊዜ ብዙ መሥሪያ ቤቶች የዘገዩት መድኃኒቱን ስላላወቁ ሳይሆን ይህን ቍጥር ፍለጋ ሲንከራተቱ ነው። በማይክሮሶፍት አካውንት የገባችሁ እንደሆነ ቍጥሩ በአካውንታችሁ ውስጥ ይገኛል። በወረቀት ጽፋችሁ ከመታወቂያችሁ ጋር ብታስቀምጡት ይበጃል።

ከዚህ በኋላ ያለው ቀላል ነው። ፍላሹንና ኤክስተርናሉን ሰኩ። ኮምፒዩተሩን እያበራችሁ የመነሻ ምርጫ የሚያወጣውን ቁልፍ ጫኑ፤ እንደ ሠሪው ይለያያል፤ በዴልና በሌኖቮ ብዙ ጊዜ ኤፍ 12፣ በኤችፒ ኤፍ 9 ነው። ፍላሹን ምረጡ። «ትራብልሹት»፣ ከዚያ «አድቫንስድ ኦፕሽንስ»፣ ከዚያ «ሲስተም ኢሜጅ ሪከቨሪ» የሚለውን ተከተሉ። በኤክስተርናሉ ላይ ያለውን ምስል ቀኑን ጠቅሶ ያሳያችኋል። ስትፈቅዱለት ይጀምራል። አሮጌው ዲስክ ሞቶ አዲስ ገዝታችሁ ከሆነ አዲሱ ከአሮጌው ያነሰ እንዳይሆን ተጠንቀቁ። ሥራው ሲያልቅ ኮምፒዩተሩ ምስሉ በተነሣበት ቀን እንደነበረ ሆኖ ይነሣል፤ ፕሪንተሩም፣ የአማርኛ መጻፊያውም፣ በገጹ ላይ ያለው ሥዕል ጭምር።

ሳይፈተን አይታመንም

በ1998 በአሜሪካ ፒክሳር በተባለው የካርቱን ፊልም ኩባንያ ውስጥ «ቶይ ስቶሪ 2» የተባለው ፊልም በመሠራት ላይ ሳለ፣ አንድ ሰው በስሕተት በሰጠው ትእዛዝ የፊልሙ አብዛኛው ክፍል ተሰረዘ። ቅጂ ነበራቸው። ዳሩ ግን ቅጂውን ለመመለስ ሲሞክሩ በትክክል አለመሥራቱን ያወቁት በዚያን ቀን ነበር። ያዳናቸው ከሠራተኞቹ አንዷ ጋሊን ሰስማን ልጅ ወልዳ በቤትዋ ትሠራ ስለነበር በቤትዋ ኮምፒዩተር የነበረው ቅጂ ነው። ኮምፒዩተሩን በብርድ ልብስ ጠቅልለው እንደ ታመመ ሰው በመኪና አመጡት። ይህም እንደ ሜርስክ ታሪክ በዕድል የሆነ መዳን ነው።

ስለዚህ ቅጂውን ካዘጋጃችሁ በኋላ በዚያው ሳምንት ፈትኑት። ለፈተናው በኮምፒዩተሩ ውስጥ ያለውን መሰረዝ አያስፈልግም። በሪከቨሪ ፍላሹ አስነሡትና ምስሉን ፈልጎ እንዲያሳያችሁ አድርጉ፤ ቀኑን ካያችሁ በኋላ የመጨረሻውን ፈቃድ ሳትሰጡ ውጡ። መሥሪያ ቤት ከሆነ ግን በትርፍ ዲስክ ላይ አንድ ጊዜ እስከ መጨረሻው መልሶ ማየት የተሻለ ነው። በዓመት አንድ ቀን ለዚህ ቢሰጥ የሚባክን ጊዜ አይባልም።

ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ

ፒተር ክሮግ የተባለ አሜሪካዊ ፎቶግራፍ አንሺ ያስፋፋው አንድ ቀላል ደንብ አለ። የማናቸውም ጠቃሚ ነገር ቅጂ ሦስት ይሁን፤ ሦስቱም በሁለት ዓይነት ዕቃ ላይ ይቀመጡ፤ ከሦስቱም አንዱ ከቤት ውጭ ይሁን። ለእኛ ይህ አዲስ ነገር አይደለም። በ1973 የኢትዮጵያን የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም የማንሣት ሥራ ሲጀመር የፊልሙ ቅጂ በአዲስ አበባ ብቻ አልተተወም፤ በአሜሪካ በሚኔሶታ፣ በኮሌጅቪልም ተቀመጠ። አንዱ ቤት ቢቃጠል ሌላው እንዲተርፍ ነው።

ተማሪ ብትሆኑ ዲስክ ለመግዛት ገንዘብ ላይበቃችሁ ይችላል። ይሁን እንጂ ለሁለት ወይም ለሦስት ሆናችሁ አንድ ኤክስተርናል ገዝታችሁ እየተፈራረቃችሁ ልትጠቀሙበት ትችላላችሁ። የሥርዓቱን ምስል በዓመት ሁለት ጊዜ፣ እንዲሁም ትልቅ ለውጥ ከማድረጋችሁ በፊት ማንሣት ይበቃል። በየቀኑ የሚለወጠው ሥራችሁ ግን ምስሉን አይጠብቅም፤ እርሱ ቢያንስ በሳምንት አንድ ቀን ለብቻው መገልበጥ አለበት። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጠው የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ስላቆመ፣ ብዙ ሰው ወደ ዊንዶውስ 11 ወይም ወደ ሊነክስ በመሻገር ላይ ይገኛል። ድልድዩን ከመሻገራችሁ በፊት የኋላውን ዳርቻ ምስል ያዙ፤ አዲሱ ባይስማማችሁ የምትመለሱበት ይኖራችኋል።

የመንግሥት ሠራተኛ ብትሆኑ ደግሞ ነገሩ ከራሳችሁ ያልፋል። በጠረጴዛችሁ ላይ ያለው ኮምፒዩተር የእናንተ አይደለም፤ በውስጡ ያለውም መዝገብ የእናንተ አይደለም። የአንድ አባወራ የመሬት ይዞታ፣ የአንዲት መበለት የጡረታ ወረቀት፣ የአንድ ልጅ የልደት ቀን በዚያ ውስጥ ተጽፏል። ባለጉዳዩ ለመሳፈሪያ ተበድሮ፣ ሌሊት ተነሥቶ መጥቶ «ሲስተም የለም» ሲባል፣ ሲስተሙ የጠፋው በመብራት ምክንያት ሊሆን ይችላል፤ በሚቀጥለውም ሳምንት ሲመለስ ገና አለመኖሩ ግን የመብራቱ ጥፋት አይደለም። በአንድ ዲስክና በአንድ ፍላሽ ሊታለፍ የሚችል ችግር ለድሃ ሰው የወር ደመወዝ እንዲያስወጣ መፍቀድ ተገቢ ነውን? አለቃችሁን ዲስክ እንዲገዛ ጠይቁ፤ በጽሑፍ ጠይቁ። ከተፈቀደም ሥራውን ለነገ አትበሉ።

አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ማለታቸው ለዚህ ነው። ዛሬ ኮምፒዩተራችሁ ደኅና ነው፤ ስለዚህ ምስሉ የሚነሣበት ትክክለኛው ቀን ዛሬ ነው። ታሞ የተነሣ ፎቶግራፍ ማንንም አያስደስትምና።